ዶማን መናቅና ራስን መቻል

ራስን መቻል የሚለውን ቃል በአፉ የማይጠራ ሰው የለም። ሹሙ በስብሰባ ይናገረዋል፤ አባት ልጁን ሲገሥጽ ያነሣዋል፤ ጐልማሳውም ጎጆ ሲወጣ ይመኘዋል። ነገር ግን ቃሉ በአፍ ሁሉ ሲመላለስ፥ ከእጅ እጅ ሲዞር እንዳረጀ ሳንቲም፥ መልኩ ጠፍቷል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምናገረው ስለ ታላላቅ እርሻዎች አይደለም። ሁለት ጥማድ ወይም ከዚያ ያነሰ መሬት ስላለው፥ አንዲት ላም ስላሰረ፥ ሚስትና ልጆች ስላሉት አንድ ቤት ነው። ይህ ቤት ራሱን ለመቻል መጣጣሩ ከንቱ ድካም ነው የሚሉ ሰዎች በዝተዋል። አብዛኞቹም የተማሩ ናቸው። ክርክሬ ከእነርሱ ጋር ነው።

የሚሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፥ መሬቱ ትንሽ ስለ ሆነ ሰው አይመግብም ይላሉ። ሁለተኛ፥ ገበሬው የሚበላውን ከመትከል ይልቅ የሚሸጠውን ተክሎ በገንዘቡ እህል ቢገዛ ይሻለዋል ይላሉ። ሦስተኛውን በግልጥ አይናገሩትም፤ ግን በልባቸው ያለው እርሱ ነው፤ ይኸውም ዶማ ይዞ ማደር ያልተማረ ሰው ዕጣ ነው የሚለው ነው። ለሦስቱም በየተራቸው እመልሳለሁ።

መሬቱ ትንሽ መሆኑ እውነት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ባላባትና ጭሰኛ መባባል ቀረ፤ ይህም መልካም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሕዝቡ ከሦስት እጥፍ በላይ ሲበዛ መሬቱ አንድ ክንድ እንኳ አልጨመረም። አባት የያዘውን ለአራት ልጆች ሲያካፍል፥ ልጆቹም በተራቸው ሲያካፍሉ፥ እነሆ ዛሬ በወላይታ፥ በከምባታ፥ በሲዳማና በጌዴኦ ብዙው ቤተ ሰብ ከግማሽ ሄክታር በታች ይዞ ይኖራል። ይህን የሚክድ ሰው የለም።

ነገር ግን ትንሽ ነው ማለትና አይጠቅምም ማለት አንድ አይደሉም። የእንሰትን ነገር ያጠኑ ሰዎች፥ ከ40 እስከ 60 እግር የደረሰ እንሰት 5 ወይም 6 ነፍስ ያለበትን ቤት ሊመግብ ይችላል ብለው ገምተዋል፤ ቦታውም ከ250 እስከ 375 ካሬ ሜትር ነው። ይህን የአንድ ዓመት ቀለብ ነው ብለን እንውሰደው። እንሰት እንደ ቦታውና እንደ ዓይነቱ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። 5 ዓመት ብንል፥ በየዓመቱ አንዱ ተራ ሲነቀል ሌላው እንዲደርስ አምስት ተራ ያስፈልጋል። ሰፊውን ልክ፥ 375ን በ5 ብናባዛ 1875 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንድ ጥማድ ደግሞ 2500 ካሬ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ሁለት ጥማድ ያለው ሰው አንዱን ለእንሰት ሰጥቶ ሌላው ይተርፈዋል ማለት ነው።

ሒሳብ በሰሌዳ ላይ ይቀላል እንጂ በማሳ ላይ እንዲህ ቀጥ ብሎ እንደማይሄድ አውቃለሁ። አጠውልግ የሚባለው በሽታ የገባበት ጓሮ ይመነምናል፤ በበሽተኛ ተክል ላይ የዋለ ቢላዋ በእሳት ሳይለበለብ ወደ ጤነኛው ከሄደ ተክሉን ሁሉ ይፈጀዋል። ፍግ የሌለው እንሰትም አይወፍርም፤ ስለዚህ ላም የሌለው ቤት ቆጮውም የሳሳ ነው። ደግሞ ቆጮ ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋ የሚገነባው ነገር በውስጡ ጥቂት ነው፤ ከጎኑ ባቄላ፥ ጎመንና ወተት ከሌለ ልጅ በሆዱ ጠግቦ በአካሉ ይከሳል። ሁለተኛው ጥማድ የተረፈው ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ፥ «ታዲያ የእንሰት አገር የሆነው ወላይታ ለምን ተራበ?» ቢለኝ መልካም ጥያቄ ጠየቀኝ። በ1977 ዓ.ም.፥ እንደ ገናም በ1992 ዓ.ም.፥ ምድሩ ለምልሞ ሳለ በዚያ አገር ሰው ተርቧል፤ አረንጓዴ ረሃብ የተባለውም ይህ ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ለክርክራችን ይጠቅማል። ከብቱ ሲያንስ ፍጉ አነሰ፤ ፍጉ ሲያንስ እንሰቱ ሳሳ፤ በእንሰቱ ፈንታ ብዙው ቤት ተስፋውን በስኳር ድንች ላይ ጣለ። ስኳር ድንች ቶሎ ደርሶ የሚያበላ መልካም ተክል ነው፤ ነገር ግን በወቅቱ ዝናብ ካልጣለ አይተከልም። በቁሙ የሚጠብቅ ጎተራ የነበረው እንሰት ሲጎድል፥ አንድ ዝናብ ቢቀር ቤቱ ሁሉ ባዶ ሆነ። እንግዲህ ቤቱን የጣለው የመሬቱ ማነስ ብቻ አይደለም፤ በአንድ እግር መቆሙም ነው።

ትንሽ መሬት የሚንቅ ሰው ሌላም ነገር ይመልከት። ፍራንክሊን ኪንግ የተባለ አሜሪካዊ የአፈር ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1909 ወደ ቻይና፥ ወደ ኮርያና ወደ ጃፓን ሄዶ ነበር። የሄደውም ለማስተማር ሳይሆን ለመማር ነው። ያየውም የሚያስደንቅ ነበር፤ እጅግ ትንሽ በሆነ ማሳ ላይ ብዙ ነፍስ ይኖራል፥ አፈሩም ለብዙ ዘመን ሲታረስ ኖሮ አልሞተም። ምሥጢሩ ምን ነበር? ከመሬት የወጣው ሁሉ፥ ገለባውም፥ አመዱም፥ የሰውና የከብት ዓይነ ምድርም፥ ተመልሶ ወደ መሬት መግባቱ ነው። የእኛ የኮንሶ ሰዎችም ተራራውን በድንጋይ እርከን አስረው ከ400 ዓመት በላይ አፈራቸውን አቆይተዋል፤ ዓለምም ይህን አይቶ በ2003 ዓ.ም. በቅርስ መዝገብ ጻፈላቸው። በጌዴኦ ደግሞ ትልቁ ዛፍ ከላይ፥ ቡናው በመካከል፥ እንሰቱ ከጎን ሆኖ ተራራው አንድ ጓሮ መስሏል፤ ይህም በ2016 ዓ.ም. ተመዘገበ። የውጭ ሰው ከሩቅ መጥቶ የሚያከብረውን ነገር የገዛ ልጃችን ኋላ ቀር ሲለው ከመስማት የሚበልጥ ኀዘን የለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንሂድ። የሚሸጠውን ተክለህ የምትበላውን ግዛ ይላሉ። ጫት ወይም ባሕር ዛፍ የተከለ ሰው እንሰት ከተከለው ይልቅ ብዙ ብር በእጁ እንደሚቆጥር አልክድም። ነገር ግን ብሩን የቆጠረው ሰው የእህሉን ዋጋ አይወስንም፤ የጫቱንም፥ የቡናውንም ዋጋ አይወስንም። በሁለቱም በኩል ዋጋ የሚቈርጥለት ሌላ ነው። የዓለም የቡና ስምምነት በ1981 ዓ.ም. ሲፈርስ የቡና ዋጋ ወደ ታች ወረደ፤ በጓሮው ዙሪያ ቡና እንጂ ሌላ ያልነበረው ገበሬ ይህን ያደረገው ማን እንደ ሆነ ሳያውቅ ደኸየ። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት መንገድ ሲዘጋ የሚሸጠው ሰው ገዢ አጣ፤ የሚገዛው ሰው ደግሞ ሻጭ አጣ። በ2014 ዓ.ም. በሩስያና በዩክሬን ጦርነት የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ሁሉ ናረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ከውጭ የሚመጣው ነገር ሁሉ በገበሬው ላይ ከበደ። ይህን ሁሉ የማነሣው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። በሁለት ጥማድ ላይ የሚኖር ሰው የልጆቹን እራት ከማያውቀው አገር ጦርነትና ከማያየው ሰው ውሳኔ ጋር ማሰሩ አስተዋይነት ነው ወይ ብዬ ለመጠየቅ ነው።

ስለዚህ ምንም አትሽጥ እላለሁን? አልልም። ጨው ከጓሮ አይበቅልም፤ ብረትም፥ ደብተርም፥ መድኃኒትም አይበቅልም። እኔ የምለው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። አስቀድሞ ጉሮሮ፥ ቀጥሎ ገበያ። የሚበላውን ከተከለ በኋላ በተረፈው መሬት ቡና ቢተክል፥ ሽንኩርት ቢያወጣ፥ ዶሮ ቢያረባ፥ ያ ሰው ወደ ገበያ የሚወጣው እንደ ሻጭ ነው። ቤቱ ባዶ ሆኖ የሚወጣው ግን የተባለውን ዋጋ ከመቀበል በቀር ምርጫ የለውም። ዋጋ ቢወድቅ የፊተኛው ዕቃውን ይዞ ይመለሳል፤ የኋለኛው ጥሎ ይመለሳል።

በዚህ ነገር ክፉ ልማዳችንንም ሳልነካ አላልፍም። በመኸር ጊዜ እህል ሲረክስ ሸጦ፥ በክረምት ሲወደድ መልሶ የሚገዛ ገበሬ፥ በራሱ ጎተራ ላይ ሌባ የሆነ ሰው ነው። ለምን ይሸጣል ቢሉ፥ አንዳንዱ ለዕዳ ነው፤ አንዳንዱ ግን ለድግስ ነው። ዓመት የሚመግብ እህል በሦስት ቀን ሠርግ ያልቃል፤ ሙሽሮቹም ኑሮን በብድር ይጀምራሉ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላል የአገራችን ሰው፤ የተበደሩት ጠጅም እንዲሁ አያኮራም።

ስለ ዘርም ልናገር። በየዓመቱ ከሱቅ የሚገዛው ዲቃላ በቆሎ በመልካም ዓመት ብዙ ያፈራል፤ ነገር ግን ከፍሬው ተመልሶ ቢዘራ እንደ ፊተኛው አይሆንም። ስለዚህ ቦታ ያለው ሰው ይዝራው፥ ግን የአባቱን ዘር አይጣል። ዶክተር መላኩ ወረደ ዕድሜያቸውን በዚህ ነገር ላይ አሳልፈዋል። የገበሬው ዘር ከገበሬው እጅ እንዳይጠፋ ስለ ሠሩትም ሥራ በ1982 ዓ.ም. ታላቅ የዓለም ሽልማት ተቀብለዋል። በድርቅ ጊዜ ገበሬው በረሃብ ተገዶ ዘሩን ሲበላ የሚጠፋው የዚያ ዓመት ምሳ ብቻ አይደለም፤ ያንን ቁልቁለትና ያንን ዝናብ የለመደ፥ አያቶች በዓይናቸው የመረጡት ዘር ነው የሚጠፋው። ዘሩን የማይዝ ሰው መሬት ቢኖረውም ደጅ ጠኚ ነው።

እነሆ ወደ ሦስተኛው ደረስሁ፤ ከሁሉ የሚከፋውም ይህ ነው። ዶማ የውርደት ምልክት ነው የሚለው አሳብ በልጆቻችን ልብ ከወዴት ገባ? ከአባቶቻቸው አይደለም፤ አባቶቻቸው በዶማ ነው ያሳደጉአቸው። የገባው በአብዛኛው ከእኛ ከመምህራን ነው። እኔ በአስተማሪነት ከኖርሁባቸው ቦታዎች በአንዱ፥ ስሙን አልጠራም፥ የዘገየ ተማሪ ቅጣቱ ሣር ማጨድና መደብ መኮትኮት ነበር። በፈተና አንደኛ የወጣው ግን ከዚህ ሥራ ነፃ ሆኖ በጥላ ይቀመጥ ነበር። እንግዲህ አስተውሉ፤ ያ ትምህርት ቤት ግብርናን ከመጽሐፍ አንድ ሰዓት ቢያስተምር፥ በዚህ ቅጣት ግን ዓመቱን ሙሉ ሌላ ትምህርት ያስተምር ነበር፤ ይኸውም መሬት የሚነካው ጥፋተኛ ብቻ ነው የሚል ነው። ልጆች ደግሞ የምንላቸውን ይረሳሉ እንጂ የምናደርገውን አይረሱም። እኔ በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት እያንዳንዱ ልጅ የራሱ መደብ ነበረው፤ መምህራኑም እጅጌያቸውን ሰብስበው አብረውን ይቆፍሩ ነበር። ካሮቱ ያማረለት ልጅ ስሌቱ እንደ ተሳካለት ልጅ እኩል ይመሰገን ነበር። ከዚያ ከወጡት ሐኪምም፥ ዳኛም፥ ገበሬም የሆኑ አሉ፤ በእጁ ጭቃ ሲነካው የሚያፍር ግን አላውቅም።

ይህ ንቀት የት እንደሚያደርስ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሐድያና ከከምባታ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ መጉረፍ ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኖአል። አባት ላሟን ይሸጣል፤ መሬት በሕግ ስለማይሸጥ ለብዙ ዓመት ያከራየዋል፤ ገንዘቡን ለደላላ ይሰጣል። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ አገር፥ ቴቴ በሚባል ክፍል፥ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። ሟቾቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተብሎ ሲነገር በስንት ቤት ለቅሶ እንደ ተቀመጠ እግዚአብሔር ያውቃል። በሙታን ላይ አልፈርድም፤ ብዙዎችን ያስወጣቸው ችግር ነው፤ ወጥተውም ተሳክቶላቸው የአባታቸውን ቤት ቆርቆሮ ያለበሱ አሉ። የምፈርደው፥ «በዚህች መሬት ምን ትሠራለህ? ሰው እንደ ሆንህ ውጣ!» እያለ ልጁን በሚያሳፍር አንደበት ላይ ነው። ለደላላ የተሰጠው ገንዘብ ላም ሊገዛ፥ ጉድጓድ ሊያስቆፍር፥ ችግኝ ሊያስተክል ይችል ነበር። ለዚህ ሲሆን ግን ገንዘብ የለም ይባላል።

እዚህ ላይ ወደ ሌላው ወገን ዞር ብዬ መገሠጽ አለብኝ፤ ራስን መቻልን የሚያወድሱ ሁሉ ወዳጆቼ አይደሉምና። «እኔ ከማንም ምንም አልፈልግም» እያለ አጥሩን የሚያጥብቅ ሰው አለ። ይህ ትዕቢት እንጂ ራስን መቻል አይደለም። አያቶቻችን ራሳቸውን ችለው ነበር ስንል አሞሌው ከአፋር በረሃ በግመልና በበቅሎ ይመጣላቸው ነበር፤ ማረሻቸውን ሌላ ሰው ይቀጠቅጥላቸው ነበር፤ ያን አንጥረኛም እየናቁ በእርሱ እጅ ይኖሩ ነበር። ቤት የሚሠራው በደቦ ነው፤ ሬሳ የሚነሣው በእድር ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ጎተራው የሞላ ሰው ለጎረቤቱ ዘር ሊያበድር ይችላል፤ ራስን የመቻል ክብሩም ይህ ነው፤ ሰጪ ለመሆን መብቃት።

ደግሞ ባል ሆይ፥ በአደባባይ ቤቴ ራሱን ችሏል ብለህ ከመናገርህ በፊት ሚስትህን ተመልከት። እንሰቱን የሚፍቅ፥ የሚቀብር፥ የሚጨምቅ ማን ነው? ውሃውን ከወንዝ የሚያመጣ፥ ላሟን የሚያልብ፥ በረቱን የሚጠርግ ማን ነው? በብዙ ቤት ያለው ራስን መቻል በአንዲት ሴት ወገብ ላይ የተጫነ ነው። ወንድ እንሰት አይፍቅም የሚለው ልማድ ከየትም የመጣ ቢሆን ከቤት ፍቅር አይበልጥም። ሥራዋን የሚያቀልል መፋቂያ ማግኘት ካልቻልህ፥ ቢያንስ ውሃውንና እንጨቱን ተሸከም። በአንዱ ድካም ሌላው የሚኮራበት ቤት ራሱን አልቻለም፤ ባርያ አግኝቷል።

አንባቢ ሆይ፥ ነገሩ በወሬ እንዳይቀር ቤትህን የምትመዝንባቸው አምስት ጥያቄዎች እሰጥሃለሁ። ማታ ከልጆችህ ጋር ተቀምጠህ መልሳቸው። ገበያ ሦስት ወር ቢዘጋ ቤትህ ምን ይበላል? የሚመጣው ዓመት ዘር በማን እጅ ነው? ከመሬትህ የወሰድኸውን ያህል ምን መለስህለት፥ ወይስ ፍጉን ኩበት አድርገህ አነደድኸው? ያለብህን ዕዳ ያለ መሬትህና ያለ ላምህ ልትከፍል ትችላለህን? አንተ ብትታመም ማሳህን የሚያርም ጎረቤት አለህን? አምስቱንም በበጎ የመለሰ ሰው ጥቂት ነው። እኔም ከጡረታ ወዲህ አንድ ጥማድ በማይሞላ ጓሮ ላይ እሠራለሁ፤ ከአምስቱ የምመልሰው ሦስቱን ነው። ነገር ግን አምናና ታች አምና ሁለቱን ነበር። መጣጣር ማለት ይህ ነው፤ ዛሬ ከትናንት በአንድ ነገር መላቅ።

መሬቱ ለልጆች ሁሉ እንደማይበቃ አውቃለሁ። ከአራቱ ልጆች አንዱ በመሬቱ ላይ ቢቀመጥ ሦስቱ አናጢነት፥ ግንበኝነት፥ ልብስ ስፌት፥ ሕክምና ይማሩ፤ ከተማም ቢሄዱ በጎ ነው። ነገር ግን የሚቀረው ልጅ ከሁሉ ሰነፉ ነው ተብሎ አይቅር። ዛሬ በብዙ ቤት የሚደረገው ይህ ነው፤ ብልሁ ይላካል፥ በፈተና የወደቀው መሬቱን ይወርሳል። አፈርን ማወቅ፥ የዘርን ተራ መጠበቅ፥ የከብትን ሕመም ከዓይኑ መለየት፥ ውሃን በቁልቁለት ላይ ማቆም ከማንኛውም ትምህርት ያላነሰ ብልኀት ይጠይቃል። ደካማ ልጃችሁን ወደ መሬት እየላካችሁ መሬቱ አይጠቅምም አትበሉ።

መምህራን ሆይ፥ ዶማን ቅጣት አታድርጉ። ለተመሰገነው ልጅ ጥሩውን መደብ ስጡት፤ እናንተም ከፊቱ ቁሙና ቆፍሩ። አባቶች ሆይ፥ ልጃችሁን በድህነታችሁ አታሳፍሩት፤ በመሬታችሁ ላይ አንድ አዲስ ነገር በየዓመቱ አሳዩት። ወጣት ሆይ፥ ለመሄድ ብታስብ ማንም አይከለክልህም፤ ነገር ግን ከመሄድህ በፊት የአባትህን ማሳ ዳር እስከ ዳር በእግርህ ለካው፥ በወረቀትም ጻፈው፥ ስንት እንሰት፥ ስንት ቡና፥ ስንት መደብ ጎመን እንደሚይዝ ቍጠር። ብዙ ሰው የናቀው ያልለካውን ነው። ከለካኸው በኋላ አይበቃም ብትል ቃልህ የሚሰማ ቃል ይሆናል፤ ሳትለካ ብትል ግን የሌላ ሰው ስንፍና በአንተ አፍ ተናገረ።